ባዶው ማኅደር

ማኅደር ረጅም ዕድሜ የኖረ ቃል ነው። በግእዝ “ኀደረ” ማለት አደረ፣ ተቀመጠ ማለት ስለሆነ ማኅደር ማደሪያ ነው፤ እመቤታችን ማኅደረ መለኮት የተባለችውም በዚሁ ነው። በጣና ደሴቶች ገዳማት ዕቃ ቤት ውስጥ ደግሞ ማኅደር የብራና መጽሐፍ የሚከተትበት፣ በጠፍር ከግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል የቆዳ መያዣ ነው። ኮምፒውተርን አማርኛ ለማናገር የደከሙ አንዳንድ ሰዎችም ፎልደር የሚባለውን ነገር ማኅደር ብለውታል። ቃሉ ከመለኮት እስከ ብራና፣ ከብራና እስከ ዲስክ ሲወርድ አንድ ነገር አልለቀቀም፦ ማኅደር የነዋሪው ቦታ እንጂ ነዋሪው አይደለም። ይህን ማንም ያውቃል። ነገር ግን ማኅደሩን ከፍተን ባዶ ስናገኘው የምናውቀውን እንረሳና “የለም” እንላለን። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ያን “የለም” ነው። ባዶ ቦታ ስለ ባለቤቱ ምን ያህል ይመሰክራል? ባለቤቱ ሳይታይ በቆየበት ጊዜስ በባዶው ቦታ ምን ማድረግ ይገባል?

ነገሩን ከምድራዊው እንጀምር። በአንድ መሥሪያ ቤት ያሉ ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው ሰነድ ከሚያከማቹ፣ አንድ ሰርቨር ላይ አኑረው በኔትወርክ ቢጋሩት ይቀላል። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው ኤንኤፍኤስ የዚህ ዓይነት ሥርዓት ነው። በተጠቃሚው ማሽን ላይ ባዶ ማኅደር ይዘጋጃል፤ የሰርቨሩ ማኅደር በላዩ “ማውንት” ሲደረግ፣ ማለትም ሲያያዝ፣ የሩቁ ሰነድ ቤት ውስጥ ያለ ያህል እዚያው ይታያል። ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ይህን በራሱ እንዲያደርግ ሲታዘዝ ግን ጣጣ ይመጣል። ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጢስ ዓባይ ላይ ተርባይን ማዞር ከጀመረ ከ1964 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስንት ዘመን ቢቆጠርም፣ በዚያው ውኃ ዳር በባሕር ዳርም መብራት ይጠፋል። ሲመለስ ማሽኑ ሁሉ እኩል ይነሣል። ትንሹ ኮምፒውተር ቶሎ ይነቃና ሰርቨሩን ይጣራል፤ ሰርቨሩ ገና ዲስኮቹን እየፈተሸ ነው፣ የኔትወርኩ ስዊችም መስመሩን አልከፈተም። ጥሪው ሳይመለስ ይቀራል፣ ኮምፒውተሩም ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ይቀጥላል። ጠዋት የገባ ሠራተኛ ማኅደሩን ሲከፍት ባዶ ነው። “የዓመት ሥራ ጠፋ!” የሚል ጩኸት ይሰማል። አንዲት ፊደል እንኳ አልጠፋችም፤ የጠፋው ግንኙነቱ ነው።

እዚህ ላይ አዋቂ ባለሙያ የሚያደርገው ነገር ከማንኛውም ፈላስፋ የበለጠ ሊያስተምረን ይችላል። ባለሙያው ዝምታን ሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ አይቆጥርም። ወደ ሰርቨሩ መንገድ የለም የሚል መልእክት ካገኘ፣ ስለ ሰርቨሩ ገና ምንም አላወቀም፤ ያወቀው ስለ ገመዱ ብቻ ነው። ግንኙነቱ እንቢ ተባለ የሚል ከሆነ፣ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ አገልግሎቱ ግን አልተነሣም። ፈቃድ የለህም ከተባለ ደግሞ ሰርቨሩ ነቅቷል፣ ጥያቄውንም ሰምቷል፤ የከለከለው አካል እዚያው አለ። እንዲያውም በኤንኤፍኤስ ልማድ “ሩት” የተባለው፣ በገዛ ማሽኑ ላይ ሁሉን የሚያዝ ተጠቃሚ፣ ሰርቨሩ ዘንድ ሲደርስ ሥልጣኑ ተገፍፎ “ማንም ያልሆነ” ተብሎ ይመዘገባል፤ ክህነት የሌለው ሰው ሹም ቢሆን እንኳ ወደ መቅደስ እንደማይገባ ያለ ነው። “እንዲህ ያለ ማኅደር የለም” የሚለው መልስ ብቻ ነው በእርግጥ አለመኖርን የሚመሰክረው፤ እሱንም የሚናገረው ራሱ ሰርቨሩ ነው። ስለዚህ “የለም” የሚለው ቃል ክብደት የሚኖረው ከቤቱ ውስጥ ሲነገር ነው። በር ላይ ቆሞ፣ በሩ ሳይከፈትለት፣ “ቤቱ ባዶ ነው” የሚል ሰው የተናገረው ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው።

የጣና ታሪክ ይህንኑ በሌላ መልክ ያስረዳል። በ16ኛው መቶ ዘመን በአሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ወቅት ብዙ ንዋየ ቅድሳት ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ሸሽተው በሐይቁ ደሴቶች ተጠብቀዋል። በዚያ ዘመን የደጋውን ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ከፍቶ ያየ ሰው ከባዶው ግድግዳ “ተቃጥሏል” ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ተሳስቷል። ከዘመናት በኋላም ስለ ግእዝ መጻሕፍት የሚያጠና አውሮፓዊ ምሁር በለንደንና በፓሪስ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ያላገኘውን እንደሌለ ሊቆጥር ይችል ነበር። ፕሮፌሰር ኤርንስት ሐመርሽሚት እ.ኤ.አ. በ1968 በሐይቁ ገዳማት ያሉ ብራናዎችን ፎቶ አንሥተው ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በየቅጹ ሲታተም፣ ሦስተኛው ቅጽ እስከ 1999 ቆይቷል። መጻሕፍቱ የተወለዱት ግን በዝርዝሩ ቀን አይደለም። ክብራን ደሴት ላይ፣ ዳጋ ደሴት ላይ፣ በየማኅደራቸው ተንጠልጥለው ነበሩ። የዝርዝሩ ባዶነት የአጥኚው መስመር ገና አለመዘርጋቱን ብቻ ነበር የሚናገረው።

ከዚህ ይልቅ ረቀቅ ያለ ነገር አለ። የራስ ሰር ማውንት አንዱ ዘዴ ኦቶኤፍኤስ ይባላል። ይህ ዘዴ ማሽኑ ሲነሣ ሰርቨሩን አይጣራም፤ አንድ ሰው ማኅደሩን በስሙ እስኪጠራው ይጠብቃል። ስለዚህ ለውጥ ካልተደረገበት በቀር፣ የላይኛውን ማኅደር ከፍቶ “ምን ምን አለ?” ብሎ የሚያይ ሰው ምንም አያይም። የሚፈልገውን ስም ጠርቶ የሚገባ ሰው ግን ወዲያው ያገኘዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ ካልተነካም ተመልሶ ይሰወራል። ሥርዓቱን የማያውቅ ይህን ብልሽት ነው ብሎ ሲጠግን ይውላል። በቤተ ክርስቲያንም ይህን የሚመስል ነገር አለ፦ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን በመሰለ ክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌቱን፣ ቅድስቱን አልፎ መቅደሱን የሚጋርደው ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ጎብኚው ሥዕሉን አይቶ ይመለሳል፣ ታቦቱን አያይም። ምእመኑም አያየውም። የሁለቱ ልዩነት ዓይናቸው ላይ አይደለም፤ አንዱ ለማየት መጣ፣ ሌላው ለመጥራት። በማየት የማይገኝ፣ በመጥራት ግን የሚገኝ ነገር መኖሩ ከአእምሮ ጋር የማይጋጭ መሆኑን ተራ ኮምፒውተር ያሳየናል። ለዚህ ዓይነቱ ነገር “አየሁ፣ አላገኘሁም” ማለት ምርመራውን ገና አለመጀመር ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። “ይህ አነጋገር ዝምታን ሁሉ ያጸድቃል” ይሉናል። “መልስ ካልመጣ መስመሩ ነው፣ አሁንም ካልመጣ ስሙን አሳስተህ ነው፣ አሁንም ካልመጣ ጊዜው አልደረሰም እያላችሁ፣ የሌለውን ነገር ለዘላለም ስታስጠብቁ ትኖራላችሁ።” ተቃውሞው ከመጽሐፍ ቅዱስም ምስክር አለው። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ በበኣል ነቢያት ያፌዘባቸው በአምላካቸው ዝምታ አይደለምን? ምናልባት ተኝቶ ይሆናል፣ መንገድ ሄዶ ይሆናል እያለ አልዘበተባቸውምን? እውነት ነው፤ ዝምታ አንዳንድ ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። ነገር ግን ኤልያስ ያደረገውን በትክክል እንመልከት። ፈተናውን ያዘጋጀው መልስ ሊመጣ በሚገባበት ሁኔታ ነው፦ መሠዊያው ተሠርቷል፣ ወይፈኑ ተዘጋጅቷል፣ ከጠዋት ጀምሮ በቂ ጊዜ ተሰጥቷል፣ ሕጉም ለሁለቱም ወገን አንድ ነው። እንዲህ ያለው ዝምታ ይመሰክራል። ባለሙያም እንዲሁ ያደርጋል፤ ገመዱን ፈትሾ፣ ስሙን አረጋግጦ፣ ያው ሰርቨር ለሌላው ኮምፒውተር መመለሱን አይቶ ይፈርዳል። ስለዚህ የምንለው “ዝምታ ከቶ አይመሰክርም” አይደለም። ዝምታ የሚመሰክረው መስመሩ ከተመረመረ በኋላ ነው። መስመሩን ሳይመረምር የካደም፣ መስመሩን ሳይመረምር “ይመጣል” እያለ የሚያስጠብቅም በአንድ ስንፍና ተይዘዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህም ይጠነክራል። ሰርቨሩ የሰው ሥራ ነው፤ የተጠራጠረ ሰው ክፍሉን ከፍቶ፣ መብራቱ ሲብለጨለጭ አይቶ ሊመለስ ይችላል። እግዚአብሔርን ግን ማን ክፍሉን ከፍቶ አየው? ምሳሌው እዚህ ላይ ይሰበራል፣ መሰበሩንም መካድ አይገባም። ማሽን ስለ እግዚአብሔር መኖር አያስረዳም፣ ሊያስረዳም አይችልም። ምሳሌው የሚችለው ከዚህ ያነሰ ነገር ነው፦ “ማኅደሩ ባዶ ነው፣ ስለዚህ ባለቤቱ የለም” የሚለው አካሄድ በራሱ የተሰበረ መሆኑን ያሳያል። አማኙ ከዚህ ድል አገኘሁ ብሎ እልል ሊል አይገባውም፤ ያገኘው ነገር ቢኖር አንድ የተሳሳተ ክርክር መወገዱን ብቻ ነው። እንዲያውም ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ከከሃዲው ይልቅ አማኙን የሚገሥጽ ነው።

ባለሙያዎች ከባዶ ማኅደር የበለጠ የሚፈሩት ነገር አለ፤ እሱም በባዶው ማኅደር ላይ መጻፍ ነው። ማውንት ያልሆነ ማኅደር ባዶ ሆኖ ቢታይም ይጻፍበታል። ሠራተኛው ሳያውቅ፣ ወይም በየሌሊቱ ቅጂ የሚያኖር ፕሮግራም፣ ሰነዱን ወደ ሰርቨሩ የላከ መስሎት በገዛ ማሽኑ ትንሽ ዲስክ ላይ ያከማቻል። ምንም የስህተት መልእክት አይመጣም። በኋላ ሰርቨሩ ሲመለስ፣ ማውንቱ በላዩ ሲዘረጋ፣ ያ የተጻፈው ሁሉ ከሥር ይቀበራል። አይጠፋም፣ አይታይምም። ዲስኩ ሞልቷል ይባላል፤ ፋይሎቹ ሲቆጠሩ ግን ቁጥሩ አይሞላም። የተቀበረውን ለማየት አንዱ መንገድ ማውንቱን ማንሣት ነው። ኦሪት ዘጸአት የሚተርከው የጥጃው ነገር በትክክል ይህ ነው። ሙሴ በተራራው ላይ 40 ቀን ቆየ፤ ሕዝቡ ከሥር ሆኖ የሙሴ መዘግየት አስጨነቀው፤ አሮንም ወርቁን ሰብስቦ ጥጃ ሠራላቸው። ኃጢአታቸው መጠራጠር ብቻ አልነበረም። ባለቤቱ በዘገየበት ባዶ ቦታ ላይ የገዛ ራሳቸውን ጽፈው “አምላክህ ይህ ነው” ማለታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሃይማኖተኛ ሁሉ ይህን ፈተና ያውቀዋል። እግዚአብሔር ዝም ባለበት ጉዳይ ላይ ጥላቻችንን፣ ጎጣችንን፣ ፍርሃታችንን ጽፈን የእሱን ስም እናኖርበታለን። አምልኮው በኋላ ሲመለስ የጻፍነው አይደመሰስም፤ ከሥር ተቀብሮ ዲስኩን ያጣብባል። ከሃዲው “የለም” ብሎ ቢሳሳት ባዶውን ባዶ አድርጎ ትቶታል። የባሰው ስህተት ባዶውን የሞላው ሰው ስህተት ነው።

ታዲያ እስከ መቼ ይጠበቅ? አንዴ ማውንት ከሆነ በኋላ ሰርቨሩ ዝም ቢል ኤንኤፍኤስ ሁለት መንገድ ያቀርባል። አንዱ ሰርቨሩ እስኪመለስ ያለ ገደብ ይጠብቃል፤ ሌላው ጥቂት ሞክሮ ስህተት ነው ብሎ ይመለሳል። ቶሎ መመለሱ ብልህነት ይመስላል፣ ግን በመጻፍ ላይ ያለ ፕሮግራም ስህተቱን ካላስተዋለ ሰነዱ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ሳይጻፍ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሥርዓቱ ልማድ መጠበቅ ነው። በሌላ በኩል ለአንድ የማይረባ ማኅደር ሲባል ማሽኑ ሁሉ እንዳይነሣ ማድረግ ሞኝነት ነው፤ ለዚያ “ባይገኝም ቀጥል” የሚል ትእዛዝ ተሠርቷል። ልኩ የሚታወቀው በሚጠፋው ነገር ክብደት ነው። ነፍሱን የሚያህል ነገር የሚጠብቅ ሰው ቢዘገይበትም ይቆማል፤ ለጥቃቅኑ ነገር ግን ኑሮውን አያቆምም። ኢዮብ መልስ ሳያገኝ ቆየ፤ ወዳጆቹ ግን ዝምታውን በገዛ ማብራሪያቸው ሞሉት፣ በመጨረሻም የተወቀሱት እነሱ ናቸው።

ጥንቁቅ ባለሙያ ይህን ሁሉ አስቀድሞ አስቦ አንድ ቀላል ነገር ያደርጋል። ሰርቨሩ ሳይያያዝ በፊት ባዶውን ማኅደር ይቆልፈዋል፤ ማውንት ሲሆን ይከፈታል፣ ማውንት ካልሆነ ማንም አይጽፍበትም። የገዳማቱ አርምሞ ለእኔ የዚህ ቁልፍ ዘመድ ነው። ዝም ያለ መነኩሴ እግዚአብሔር የለም አላለም፣ በእግዚአብሔርም ስም የማያውቀውን አልተናገረም። አንባቢ ሆይ፣ ማኅደርህን ባዶ ብታገኘው መስመሩን መርምር፣ ስሙን በትክክል ጥራ፣ በሚገባው ልክ ጠብቅ። እስኪመለስ ግን አትጻፍበት።