መቅዳት መስረቅ ነውን?

ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ጥያቄ ለመስማት ትንሽ ይመስላል። አንድ ተማሪ የታላቅ ሠዓሊን ሥራ ወይም የአንድን ሕዝብ የቆየ ጥበብ አይቶ ቢሥል ተማረ እንበለው ወይስ ሰረቀ? ጥያቄው የመጣብኝ ከራሴ ሕይወት ነው።

እዚሁ ሸዋ ሮቢት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ የሥዕል መምህራችን፥ «የአንድ ታዋቂ ሠዓሊ ሥራ ተመልከቱና ከእርሱ ተነሥታችሁ የራሳችሁን ሥሉ» ብለው አዘዙን። እኔ ከአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ የአፈወርቅ ተክሌን ሥዕል አገኘሁ። ወረቀቴን ዘይት ቀብቼ በላዩ አነጠፍሁና መስመር በመስመር ገለበጥሁት፤ ከታችም ስሜን ጻፍሁ። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ግን የአፍሪካ አዳራሽን የመስተዋት ሥዕል በመጽሐፍ አይቶ ኖሮ፥ ወደ ገበያ የምትሄድ ባለ ጭነት ግመል ሣለና ገላዋን ልክ እንደ መስተዋቱ በቀለም ከፋፈለው። የነበሩት ቀለሞች ሦስት ብቻ ነበሩ። የግመሏም እግሮች እኩል አልወጡለትም፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት። የእኔው በወላጆች ቀን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ ተጨበጨበልኝም። እኔም ዝም አልሁ።

አንዳንዶቻችሁ፥ «ልጅ ሳይቀዳ በምን ይማራል?» ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሠዓልያን የመምህራቸውን መስመር እየተከተሉ ነው የተማሩት፤ የቅዱሳኑም መልክ ከብራና ወደ ብራና፥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲተላለፍ ኖሯል። ነገር ግን ብዙዎቹ ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። የቅኔ ተማሪም አስቀድሞ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፥ ያጠናል፤ ተራው ሲደርስ ግን የራሱን ቆጥሮ ይቀርባል እንጂ የሰማውን የእኔ ነው ቢል ያፍራል። እንግዲህ ጥፋቱ ያለው እጅ መከተሉ ላይ አይደለም። የሌላውን ድካም በራስ ስም መጥራት ላይ ነው።

የገለበጥሁባቸው ሠዓሊ ራሳቸው ለዚህ ምስክር ናቸው። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. የተወለዱት ከእኛ ቆላ በላይ ባለችው በአንኮበር ነው። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል አዘነበሉ። የአውሮፓን የባለ ቀለም መስተዋት ጥበብ አጠኑ፤ እዚያው ሳሉም በታላላቅ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን የአገራችንን የብራና ሥዕሎች መረመሩ። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ያሉት ሦስት የመስተዋት ሥዕሎቻቸው ግን የማንም ግልባጭ አይደሉም። አሠራሩን ከሌላ ተማሩ፤ የተናገሩበት ግን የአፍሪካን ትናንት፥ ዛሬና ነገ ነው። ያ ልጅ በሦስት ቀለም ያደረገው ይህንኑ ነበር። የተሳቀበትም ለዚህ ነው።

የሕዝብ ጥበብስ? ፈጣሪው በስም አይታወቅምና ባለቤት የለውም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የይፋት አርጎባዎች በሽመና የታወቁ ናቸው። አንዲት ተማሪ ከጨርቃቸው ጥለቱን አይታ ብትሥል፥ ጎረቤትን ማወቅና ማክበር ነውና ደስ ይላል። ከሥዕሉ ግርጌ፥ «ከአርጎባ ሸማኔዎች የተማርሁት» ብላ ብትጽፍ ደግሞ ከክብሯ አንዳች አይጎድልባትም። ሸማኔው ግን ስሙን ያገኛል።

ስለዚህ ታናናሾቻችንን ሥዕል የምናስለምድ ሁሉ ሁለት ነገር እንጠይቃቸው፤ «ከማን ተማርህ? ከራስህስ ምን ጨመርህ?» ለሁለቱም መልስ ያለው ልጅ ሥዕሉ ቢጣመምም ተምሯል። መልስ የሌለው ግን መስመሩ ቢያምርም እንደ እኔ ጭብጨባ ብቻ ይዞ ይቀራል።

ያ ልጅ ዛሬም በከተማችን አለ። ስለዚያ ሥዕል እስካሁን ምንም አልነገርሁትም። ይህ ጽሑፍ ተባዝቶ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ የምወስደው ለእርሱ ነው።