ዝምታና ጉማ፤ ደም በምን ይደርቃል?

ሰው ሁሉ ነፍሱን ይወዳል፤ ነፍሱንም የሚጠብቅለት ይሻል። ጠባቂው ሕግና ዳኛ ሲሆን አገር ረግታ ትኖራለች፤ ገበሬው ያርሳል፥ ነጋዴው ይነግዳል፥ መንገደኛውም በሰላም ውሎ ይገባል። ዳኛ በሌለበት፥ ወይም ዳኛ እያለ ፍርዱ በሚሸጥበት ስፍራ ግን ሰው ጥበቃን ከጕልበተኛ ይገዛል። ከጕልበተኛ የተገዛ ጥበቃም ውሎ አድሮ ራሱ የሚያስፈራ ይሆናል። ከዚህ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም፥ ወንድሙ የተገደለበት ሰው የሚፈርድለት ባጣ ጊዜ ደሙን በገዛ እጁ ቢመልስ ጽድቅ ይሆንለታልን? ባይመልስስ ደሙ በምን ይደርቃል? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የወለጋ ሽማግሎች በአንድ መንገድ መልሰውታል፤ ከኢጣልያ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት ስደተኞች መካከል የወጡ ወንበዴዎች ደግሞ በሌላ መንገድ መልሰውታል። ሁለቱን መልሶች አቀራርቦ መመርመር ለሚያስተውል ሰው ትምህርት አለው።

ወለጋ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከመጠቃለሏ አስቀድሞ በነቀምቴ የበከሬ ጎዳና ቤት፥ በቄለም የጆቴ ቱሉ ቤት፥ በሌላውም ስፍራ ሌሎች ባላባቶች ተነሥተው እርስ በርሳቸው ይፎካከሩ ነበር። አገሩም የወርቅ፥ የዝሆን ጥርስ፥ የዝባድና የቡና ንግድ የሚያልፍበት ስለ ሆነ ከሩቅ ያሉ ታላላቆች ተመኙት። በ1874 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ እንባቦ ላይ የተዋጉት በዚሁ በምዕራቡ አገር የበላይ ለመሆን ነበር፤ ድሉም የምኒልክ ሆነና ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። የበከሬ ልጅ ሞረዳም ለአሸናፊው ገብሮ አገሩን ከጥፋት አዳነ። ልጁ ኩምሳ ተጠምቆ ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ በደጃዝማችነት ማዕርግም ነቀምቴን አስተዳደረ። እንግዲህ ግብርና የዘራፊ ዋጋ ላይ ላዩን ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ለብርቱ የሚከፈሉ ናቸውና። የሚለዩት ገባሪው ተበድሎ ሲጮኽ የሚሰማው ዳኛ በማግኘቱና ባለማግኘቱ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የተባለው ስለዚህ ነው።

በሕዝቡ መካከል ግን የነፍስ ነገር የሚያልቅበት ከባላባቶቹ ሥልጣን የቀደመ ሥርዐት ነበረ፤ እርሱም በኦሮሞ ዘንድ ጉማ የሚባለው ነው። ሰው የገደለ ሰው ከሟች ወገን ፊት ይሸሻል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፥ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። የገዳዩ ዘመዶች የአገር ሽማግሎችን ወደ ሟች ወገን ይልካሉ፤ ሟች የወደቀበት ቤት ኀዘኑ ትኩስ ነውና እምቢ ይላል፤ ሽማግሎቹ ግን መመላለሳቸውን አይተዉም። በመጨረሻ ነገሩ በአደባባይ ይሰማል፤ ገዳዩ ጥፋቱን ያምናል፤ የደሙም ዋጋ ይቈረጣል። ይህንንም ዋጋ ገዳዩ ብቻውን አይከፍለውም፤ ወገኑ ሁሉ ያዋጣል። ከዚያም ከብት ይታረዳል፤ ትናንት ጦር የተማዘዙት ሰዎች አብረው ይቀምሳሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላም ያንን ደም መልሶ የሚያነሣ ሰው ሕግ አፍራሽ ይባላል።

ይህ ነገር የወለጋ ብቻ አይደለም። በሰሜኑም አገር ደመኞችን በሽማግሌ አስታርቆ ደም ማድረቅ የቈየ ልማድ ነው። በፍትሐ ነገሥት ይፈረድ በነበረበት ዘመንም ዳኛው ገዳዩን ጥፋተኛ ካደረገ በኋላ ለሟች ወገኖች አሳልፎ ይሰጠው ነበር፤ እነርሱም ወይ ይገድሉታል፥ ወይ የደም ዋጋ ተቀብለው ይምሩታል። በኦሪትም ሕግ ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም መላሽ የሚሸሽባቸው ስድስት የመማፀኛ ከተሞች ተለይተው ነበር። የእነዚህ ሁሉ አሳብ አንድ ነው፤ በቍጣና በሰይፍ መካከል ጊዜን ማስገባት፥ በገዳይና በደመኛ መካከልም ሦስተኛ ሰው ማቆም።

ሦስተኛ ሰው የማይቆምበት አገር ምን እንደሚመስል ደግሞ የሲሲልያ ደሴት ታሪክ ያሳያል። በዚህ የውጭ አገር ታሪክ የሚጠሩት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ሲሲልያ በ1861 በተመሠረተው የኢጣልያ መንግሥት ሥር ስትሆን ሕዝቡ የሚያምነው ዳኛ ገና አላገኘም ነበር። በፓሌርሞ ከተማ ዙሪያ የሎሚና የብርቱካን አትክልት ያለው ሰው ፍሬው እንዳይሰረቅ ዘበኛ ይቀጥራል፤ ዘበኛውን አልቀጥርም ቢል ግን የሚሰርቀው ያው ዘበኛ ነው። ማፊያ የተባለው ማኅበር ያደገው ከዚህ ዐይነቱ ንግድ ነው። ዋና ትእዛዙም ኦሜርታ የሚሉት ዝምታ ነበር፤ ይህም የተበደለ ሰው ወደ ዳኛ እንዳይጮኽ፥ ያየም እንዳይመሰክር ማለት ነው። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» የሚለውን ምሳሌ እነርሱ በደም ማኅተም አጸኑት።

ድኾች የደቡብ ኢጣልያ ሰዎች በብዛት ወደ አሜሪካ በተሻገሩ ጊዜ ይህ ሥርዐት አብሮ ተሻገረ። መጀመሪያ የተጐዱት የገዛ ወገኖቻቸው ናቸው፤ ዳቦ ጋጋሪውና ባለሱቁ የጥቍር እጅ ሥዕል ያለበት ደብዳቤ እየደረሰው ገንዘብ አምጣ ይባል ነበር። ይህን ይከታተል የነበረው የኒው ዮርክ ፖሊስ ሹም ጁዜፔ ፔትሮሲኖ፥ እርሱም የኢጣልያ ተወላጅ፥ በ1909 ለምርመራ ፓሌርሞ በሄደ ጊዜ በጥይት ተገደለ። ከ1920 እስከ 1933 የአሜሪካ መንግሥት መጠጥን በከለከለ ጊዜም ወንበዴዎቹ በስውር መጠጥ ሽያጭ እጅግ ከበሩ፤ ሀብቱም ደምን ጠራ። በ1929 የካቲት ወር በቺካጎ ከተማ ሰባት ሰዎች በአንድ ጋራዥ ውስጥ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ተረሸኑ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለተነሣው ጥያቄ የሚጠቅመው በኒው ዮርክ በ1930 እና በ1931 የሆነው ጠብ ነው። በአንድ ወገን ጁዜፔ ማሴሪያ፥ በሌላ ወገን ካስቴላማሬ ዴል ጎልፎ ከሚባለው የሲሲልያ ከተማ የመጡት ሰዎች አለቃ ሳልቫቶሬ ማራንዛኖ ተሰልፈው ተገዳደሉ። የማሴሪያ ባለሟል የነበረው ቻርልስ ሉቻኖ ጌታውን ከዳ፤ ማሴሪያም ሚያዝያ 15 ቀን 1931 በኮኒ አይላንድ ምግብ ቤት ውስጥ ተገደለ። ማራንዛኖ በአሸናፊነት በሁሉ ላይ አለቃ ሆነ፤ ነገር ግን አምስት ወር ሳይሞላው መስከረም 10 ቀን የሉቻኖ መልእክተኞች በገዛ ጽሕፈት ቤቱ ገደሉት። ከዚህ በኋላ ሉቻኖ አንድ አለቃ በሁሉ ላይ እንዳይኖር አደረገ፤ የአምስቱ የኒው ዮርክ ቤቶችና የሌሎች ከተሞች አለቆች የሚመክሩበት ሸንጎም ቆመ። ጠብ ቢነሣ ሸንጎው ይመረምረዋል፥ ያለ ሸንጎው ፈቃድም አለቃ አይገደልም ተባለ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ሸንጎ ላይ ላዩን ሲታይ የሽማግሎችን ጉባኤ አይመስልምን? ሽማግሎች አሉ፥ ሕግ አለ፥ እርቅም አለ። ነገር ግን በዚያ ሸንጎ የሟቾቹ እናቶችና ልጆች አልተጠሩም፤ ማን ማንን እንደ ገደለ በአደባባይ አልተነገረም፤ በየሱቁ ገንዘባቸው የሚወሰድባቸው ድኾችም በሸንጎው ስፍራ አልነበራቸውም። ያ ሰላም የምርኮ አከፋፈል ውል እንጂ እርቅ አልነበረም። ስለዚህም አልጸናም። በ1957 አልበርት አናስታሲያ ጢሙን ሊላጭ በተቀመጠበት የጠጕር አስተካካይ ወንበር ላይ ተገደለ፤ በ1985 ደግሞ ፖል ካስቴላኖ በኒው ዮርክ በአንድ ምግብ ቤት ደጃፍ ወደቀ፤ ይህንንም ያደረጉት የገዛ ቤቱ ሰዎች ናቸው። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንዲሉ፥ የተሸፈነ ደም ቀን ይጠብቃል እንጂ አይደርቅም።

ያንን ቤት ያናወጠውም ከሌላው የበረታ ጠመንጃ አይደለም፤ የተከፈተ አፍ ነው። በ1963 ጆዜፍ ቫላኪ የሚባል እስረኛ በአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ የማኅበሩን መሐላና ሥርዐት ዘርዝሮ ተናገረ። በሲሲልያም በሰማንያዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በተነሣው የማፊያ ጠብ ቶማሶ ቡሼታ ሁለት ወንዶች ልጆቹንና ወንድሙን አጣ፤ እነርሱ የተገደሉት በእርሱ ፈንታ ነበር። በ1984 በዳኛው በጆቫኒ ፋልኮኔ ፊት ተቀምጦ የሚያውቀውን ተናገረ። በ1986 በፓሌርሞ በተከፈተው ታላቅ ችሎት ከ300 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። ፋልኮኔ በ1992 ከሚስቱና ከሦስት ጠባቂዎቹ ጋራ በፈንጂ ተገደለ፤ ፍርዱ ግን በእርሱ ሞት አልተሻረም።

እንግዲህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። የጉማ ሰላም የሚጀምረው ገዳዩ «እኔ ነኝ» በማለቱ ነው፤ የማፊያ ሰላም የሚቆመው ማንም «እርሱ ነው» ባለማለቱ ነው። በጉማ ዋጋው ለተበደለው ቤት ይከፈላል፤ በማፊያ ዋጋው ለበዳዩ ይከፈላል። በጉማ ወገን ሁሉ ስለሚያዋጣ አባት ልጁን፥ አጎትም የወንድሙን ልጅ ከጠብ ይመልሳል፤ በማፊያ ግን ቤተ ሰው ሁሉ ለሌላው ደም መያዣ ይሆናል።

በጉማ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። አንደኛ፥ ከብት የበዛለት ባለጠጋ ነፍስን በዋጋ ይገዛ ዘንድ መንገድ ይከፍታል ይባላል። ሁለተኛ፥ እጁን ያላነሣ ዘመድ ስለ ምን ይከፍላል? ይባላል። ሦስተኛ፥ ነፍስ መግደል የአገር ሁሉ በደል እንጂ የሁለት ቤቶች ጕዳይ ብቻ አይደለም ይባላል። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ስለዚህም የ1923 ዓ.ም. እና የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጎች፥ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮም የጸናው የወንጀል ሕግ የነፍስን ነገር ለመንግሥት ዳኛ ሰጥተውታል። ቢሆንም ዳኛው የሚፈርደው በገዳዩ ላይ ነው፤ በሟች ቤት ያለውን ቂም አይፈርድበትም። ገዳዩ እስራቱን ጨርሶ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሟች ልጅ በበሩ ቆሞ ቢጠብቀው የሚያስታርቃቸው ማን ነው? ዳኛ ቅጣቱን፥ ሽማግሌ እርቁን ቢይዙ አንዱ የሌላውን ሥራ ይፈጽማል። ጉማ ዳኛን ለመሸሽ ሲሆን ግን እርሱም ወደ ዝምታ ሸንጎነት ይለወጣል።

ከሁሉ የሚከፋው ደመኛው ገዳዩን ሲያጣ ዘሩን የሚፈልግበት ጊዜ ነው። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1890 በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ የፖሊስ አዛዡ ዴቪድ ሄነሲ ተገደለ፤ ወንጀሉ በኢጣልያውያን ተመካኘ። በሚቀጥለው ዓመት መጋቢት ወር ብዙ ሕዝብ እስር ቤቱን ሰብሮ ዐሥራ አንድ ኢጣልያውያንን ገደለ፤ ከነዚህም አንዳንዶቹ ችሎቱ ነጻ ያላቸው፥ አንዳንዶቹም ገና ያልተፈረደባቸው ነበሩ። ይህ ሥራ ማፊያን አላጠፋም፤ ስደተኛውን ግን በዳኛው ላይ የነበረውን እምነት አሳጣው፤ በዳኛ ያላመነም ወደ ጕልበተኛው ይጠጋል።

ወለጋም በዘመናችን ከዚህ ፈተና አላመለጠችም። በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ በቶሌ በመቶ የሚቈጠሩ ንጹሓን ሰዎች፥ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ፥ ተገደሉ። አብዛኞቹ በዘራቸው አማራ ነበሩ። በነዚያ ዓመታት በወለጋ አውራጃዎች የኦሮሞም የአማራም ቤቶች አልቅሰዋል፤ ሰውም እየታገተ የማስለቀቂያ ገንዘብ ተጠይቆበታል። ለቶሌ ሙታን ጉማ የሚከፍል ማን ነው? የሚቀበልስ ማን ነው? ገዳዩ በስሙ ካልታወቀ ወገኑ ሁሉ ገዳይ ይባላል፤ ወገኑ ሁሉ ገዳይ ከተባለም ነገ የሚወድቀው ያላጠፋው ጎረቤት ነው። ስለዚህ ያየውን የሚመሰክር፥ የገዛ ወገኑንም ጥፋተኛ በስሙ የሚጠራ ሰው ወገኑን የከዳ አይደለም፤ የወገኑን ንጹሓን ከደም ዕዳ የሚያድን እርሱ ነው።

እንግዲህ ወንድሙ የተገደለበት ሰው ደሙን በእጁ ቢመልስ ጽድቅ ይሆንለታልን? ለሚለው መልሱ አይሆንለትም ነው፤ ምክንያቱም የሚመልሰው ደም አዲስ ዕዳ ይሆናል እንጂ የቀደመውን አይከፍልም። ነገር ግን ዝም በል፥ ይቅር በል ብሎ ብቻ ማሰናበትም ግፍ ነው። ደም የሚደርቀው እውነቱ በአደባባይ ሲነገር፥ ዳኛ ሲፈርድ፥ ካሣ ሲከፈል፥ ከዚያም ሽማግሌ ሲያስታርቅ ነው። ከነዚህ አንዱ ቢጐድል፥ በነቀምቴም ሆነ በፓሌርሞ፥ ጕልበተኛው የጐደለውን ስፍራ ለመያዝ ጊዜ አይፈጅበትም።