ስለ አንድ በሽተኛ

«መልካም ሥራ ማለት ለብዙ ሰው የሚጠቅም ነው» ሲባል በወጣቶች ዘንድ ተዘውትሮ ይሰማል። አሳቡ ከንቱ አይደለም፤ ነገር ግን ወደ አንድ በሽተኛ አልጋ ወስደን እንፈትነው።

ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ደሙ ከሚጠራባቸው መንገዶች አንዱ የሆድ ውስጥ እጥበት ነው። ሰው በቤቱ ሆኖ ይህን በየቀኑ ያለ ማቋረጥ እንዲያደርግ መንገዱን በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳዩት ሞንክሪፍና ፖፖቪች የተባሉ፣ አንዱ ሐኪም ሁለተኛው መሐንዲስ፣ የቴክሳስ ሰዎች ናቸው። በሆድ ቆዳ በኩል ለስላሳ ቱቦ ይገባል፤ በቱቦውም ሁለት ሊትር ያህል ፈሳሽ ገብቶ ጥቂት ሰዓት ይቆያል፤ የደሙ ቆሻሻ በስሱ የሆድ ዕቃ ሽፋን አልፎ ወደ ፈሳሹ ይገባና አብሮ ይወጣል። ይህም በቀን አራት ጊዜ ያህል ይደገማል። የሚወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ መሆን ሲገባው ደፍርሶ ከታየ፣ ብዙውን ጊዜ ተዋስያን ገብተዋል ማለት ነው።

እነዚህም አብዛኛውን ጊዜ ባክቴሪያዎች ስለ ሆኑ ሐኪሙ ለእነርሱ የሚሆነውን መድኃኒት ወዲያው ይጀምራል፤ ደግ አደረገ። ነገር ግን በሽተኛው ቀድሞ የሌላ ሰው ኩላሊት ተተክሎለት፣ እርሱም ደክሞ ወደ እጥበት የተመለሰ፣ ሰውነቱ የተተከለውን እንዳይጠላ የሚሰጠውን መድኃኒት ገና የሚወስድ ቢሆንስ? የዚህ ሰው ዘበኛ ተኝቷል። በርግብ ኩስ ውስጥ የሚገኝ፣ ጤነኛውን ሰው እምብዛም የማይደፍር ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ሊገባበት ይችላል። ባክቴሪያ የሚገድለው መድኃኒት ይህን ምንም አያደርገውም።

እንግዲህ የሐኪሙን ጭንቀት ተመልከቱ። ቱቦውን ቢተወው ፈንገሱ በላዩ ተጣብቆ ይኖራል፤ ቢያወጣው በሽተኛው በቤቱ መታጠቡ ቀርቶ በደም ማጠቢያ መኪና መታጠብ ሊኖርበት ነው። ዘበኛውን የሚያስተኛውን መድኃኒት መቀነስ ይሻል ይሆናል፤ ነገር ግን ፕሬድኒዞሎንን ለብዙ ጊዜ የወሰደን ሰው በድንገት ማስቆም ብቻውን ሊገድለው ይችላል። በፈንገሱ ላይ የሚሰጠው ፍሉኮናዞልም ከንቅለ ተከላው መድኃኒቶች አንዳንዶቹን በደም ውስጥ ያበዛቸዋል።

ማንን ይጠይቅ? በሽታው ብርቅ ነውና መመሪያው አብዛኛውን ከጥቂት በሽተኞች ታሪክ የተለቀመ ነው። ሰው ደግሞ የዳነለትን በደስታ ይጽፋል፤ የሞተበትን ግን ዝም ይላል። ከዚህ የተነሣ አንባቢው ሐኪም መድኃኒቱ ካለው ኃይል በላይ የሚያድን ይመስለዋል። ይህን ዝምታ ማንም ወንጀል አይለውም፤ እኔ ግን ከሐሰት አርቄ አላየውም።

በዚህ ነገር ለመፍረድ ድፍረት የለኝም ነበር። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ልጅ በሒሳብ የሚሳሳተው ስሕተት የጓደኞቹን ስሕተት አይመስልም ነበር። የአርባውን ልጅ ደብተር ማረም ስላለብኝ፣ ምን አስቦ እንደ ሳተ ሳልጠይቀው በቀይ ቀለም እየሰረዝሁ አለፍሁ። ልጁ ትምህርቱን ተወ። ከዓመታት በኋላ እንደ እርሱ የሚሳሳት ሌላ ልጅ መጣ፤ ለእርሱም የምነግረው አልነበረኝም።

በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መትከል የተጀመረው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለው በሽተኛ አንድ ቀን በእኛም ሐኪም ፊት ሊቀርብ ይችላል። ሐኪሙም በዚያች ሌሊት ጽሑፍ ሲያገላብጥ የሚያገኘው ምናልባት አንዲት ገጽ ናት፤ በሩቅ አገር ያለ ሰው፣ የሟቹን ስም ሰውሮ፣ ቤተ ዘመዱን አስፈቅዶ፣ ቱቦውን በስንተኛው ቀን እንዳወጣና ስንት ቀን እንደ ዘገየ የጻፈባት።