ለግራ እግርህ ቦታ ተውለት

የእህቴ ልጅ፣ ትናንት ማታ ሞተርህን በር ላይ አቁመህ ስትገባ መጀመሪያ ያየሁት የግራ እግርህን ነው። አዲሱ ሴፍቲ ጫማህ ገና ሳምንት ሳይሞላው ጫፉ ተልጧል። ቀኙ እንደተገዛ ያበራል። እዚህ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ መናኸሪያ አጠገብ የሚቀመጥ ሊስትሮ ይህን አይቶ ሞተረኛ መሆንህን ያውቃል። እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁበት። ቆዳው የተላጠው ማርሽ በሚነካው ቦታ ብቻ ቢሆን ዝም እልህ ነበር። ያንተ ከአውራ ጣትህ በላይ ጀምሮ እስከ ማሰሪያው ድረስ ተፍቋል። እግርህ ከማርሹ ፔዳል ስር የሚገባው እየተጋፋ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሆነህ ነው እንግዲህ ኮንሶን አልፈህ፣ የወይጦን ሙቀት አቋርጠህ፣ ጂንካ ልትደርስ ያሰብከው።

ጫማህን ልነካ ስንበረከክ አፈርክ፤ «ኧረ ጋሼ፣ ይነሱ» አልከኝ። አትፈር። በዚህች ከተማ ሽማግሌ ለወጣት ቢንበረከክ ነውር አይደለም። በ2011 መስከረም፣ ቡራዩ ውስጥ በወገኖቻችን ላይ የደረሰው ጥቃት ተሰምቶ የአርባ ምንጭ ልጆች ደማቸው ሲፈላ፣ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩላቸው። ልጆቹም ሣሩን አልረገጡም፤ ተመለሱ። ጉልበታችን እንዲህ ባለ ነገር የለመደ ነውና ለአንተ እግር መታጠፉ አይከብደውም። «ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው» ይላሉ። እኔ መከራ እንዲመክርህ አልሻም። እኔን የመከረኝ ለሁለታችንም ይበቃል።

ስለማነክስበት እግሬ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ያኔ የመስክ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ያማሃ ዲቲ ተሰጥቶኝ ከሲቀላ ጨንቻ እመላለስ ነበር። መንገዱን ታውቀዋለህ። ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እኛ እዚህ ታች በ1,300 ገደማ ነን። ያን ሁሉ ቁልቁለት በ37 ኪሎ ሜትር ውስጥ ትወርደዋለህ። መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር፣ ጨንቻ ደግሞ ዝናብ አያጣትም። ጭቃውን ፈርቼ የጎማ ቦቲ ገዛሁ። በእግሬ ልክ ስላልነበረ በሁለት ቁጥር የሚበልጠውን ወስጄ ሁለት ካልሲ ደረብኩበት። ከዶርዜ በታች አንድ ጠምዛዛ ላይ ከሁለተኛ ወደ አንደኛ ላወርድ ማርሹን ረገጥኩ። የረገጥኩ መሰለኝ። የቦቲው ጫፍ ባዶ ነበር፤ ጣቶቼ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ጎማው ተጣጥፎ ፔዳሉን ግማሽ መንገድ ብቻ ገፋው። በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ፎሌ ነው። ፍሪሲዮኑን ስለቅ ሞተሩ ይይዘኛል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ለቀቀኝ። ምን ሆነ ብዬ እግሬን ለማየት አቀረቀርኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ማርሹን ስፈልግ መንገዱ አመለጠኝ። ራሴን ሳውቅ ቦይ ውስጥ ነበርኩ፣ ሞተሩም ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጋድሞ። የጎማ ቦቲ ከጭቃ ያድናል፤ አጥንት ግን አያድንም።

ስለዚህ በመጀመሪያ ጫማው ለእግርህ ይሁን። ይህን ስል ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። እኛ የደጋ ልጆች በባዶ እግር ነው ያደግነው። ጫማ ሳያውቅ ያደገ እግር ከፊት ይሰፋል፣ ጣቶቹ ይዘረጋሉ። አንተ በጫማ ብታድግም እግርህ እንደ እናትህ ፊቱ ሰፊ ነው። ከውጭ የሚመጣው ቦት ጫማ ደግሞ ብዙው ፊቱ ጠባብ ነው። ለጎኑ ብለህ ቁጥር ስታሳድግ ርዝመቱ ይተርፍሃል፤ የተረፈው ጫፍ ማርሹ ላይ የእኔን የቦቲ ታሪክ ይደግመዋል። ከሳልባጅ ይሁን ከመርካቶ፣ ቁጥሩን ብቻ አይተህ አትግዛ፤ ወርዱን ፈልግ። ካጣህ ጫማ ሰፊ ጎኑን በእንጨት ወጥሮ ያሰፋልሃል፣ ቆዳ ከሆነ ይለቃል። ፕላስቲክ ከሆነ አይለቅም፤ ተወው።

ለእኛ ጫማ የጌጥ ነገር ሆኖ አያውቅም። በጋሞ ደጋ፣ ትንኝ የምታስተላልፈው ትል በሌለበት ቦታ፣ የገበሬው እግር ለምን እንደሚያብጥ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አገራችን ውስጥ ሠርቶ አስረድቷል። ዝሆኔ የምንለው የዚህ ዓይነቱ እብጠት የሚመጣው በባዶ እግር ለዓመታት ከሚረገጠው ቀይ አፈር ነው። መከላከያው ጫማ ማድረግና እግርን በሳሙና መታጠብ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ጫማ ዘግይቶባቸው እግራቸው የከበደባቸውን እናቶች አይቻለሁ። ጫማ ሲገዛ ልክ ይሁን እያልኩ የምጨቀጭቃችሁ ለዚህ ነው፤ የማይመች ጫማ ቤት ይቀመጣል፣ እግሩም ባዶውን ይቀራል።

አበበ ቢቂላንም አስበው። በ1952 ዓ.ም. ጳጉሜ 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ሮም ላይ ሲሮጥ፣ የቀረበለት ጫማ አልመች ስላለው አውልቆት በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትሩን በ2:15:16 ጨረሰ። በጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ግን ተጫምቶ ሮጠ፤ ሰዓቱም 2:12:11 ሆነ። ያ ሰው ጫማ አልጠላም፤ ያልተስማማውን ጫማ ነው እምቢ ያለው። አንተ ግን ሞተር ላይ አውልቆ የመሄድ ዕድል የለህም። ማርሚታው ይጠብስሃል፣ ጠጠሩ ይገርፍሃል፣ ስትወድቅ ሞተሩ የሚያርፈው እግርህ ላይ ነው። ስለዚህ የሚስማማውን መፈለግ ግድ ነው።

ስትገዛ ወደ ማታ ግዛ። የሲቀላ ፀሐይ እግርን ያሳብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ጫማ ከሰዓት የእግር እሳት ይሆናል። መንገድ የምትሄድበትን ካልሲ ይዘህ ሂድ። ከረጅሙ ጣትህ ፊት የአውራ ጣት ወርድ ያህል ይትረፍ፣ ተረከዝህ ግን ከውስጥ አይነሣ። ሱቅ ውስጥ ቆመህ ብቻ አትለካው፤ ሞተር ቆመው አይነዱም። ዱካ ላይ ተቀመጥ፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ጣትህን ወደ ላይ አንሣ። የጫማው አንገት እዚያ ላይ ቅልጥምህን ከነከሰህ ወይጦ ስትደርስ ያደማሃል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ቁመት ይኑረው፣ ከስሩ ደግሞ መርገጫውን የሚነክስ ተረከዝ። ሶሉ እንደ ትራክተር ጎማ የወፈረውን ጠንካራ ነው ብለህ አትውደደው። የወፈረ ሶል ማርሹ ምን እንዳደረገ ለእግርህ አይነግርህም።

ያንተ ሴፍቲ ጫማ ላይ ልምጣ። ሥራው ለግንባታ ነው፤ ጫፉ ላይ ብረት አለው፣ ለዚያ ብረት ሲባል ጫፉ ከፍ ብሎ ተሠርቷል። የማርሽ ፔዳልህ ግን ፋብሪካው ያቆመው ለቀጭን ጫማ ነው። ከፍ ያለ ጫፍ ጠባብ ቦታ ሲገባ ምን ታደርጋለህ? ተረከዝህን ከመርገጫው ታነሣለህ፣ ጉልበትህን ወደ ውጭ ትከፍታለህ፣ እግርህን በሙሉ ታወዛውዛለህ። ማርሽ ለመጨመር መንቀሳቀስ ያለበት ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። እግርህ በሙሉ ሲንቀሳቀስ ማርሹ ግማሽ ይገባና ይተፋል። ተፍቶ ተፍቶ በካምቢዮው ውስጥ ያሉትን ጥርሶች ያዶለዱማቸዋል። ያን ለማስጠገን ሞተሩ ከሁለት ይከፈላል፤ ወጪውን መካኒክ ይንገርህ።

ለዚህ መድኃኒቱ ከጫማው ዋጋ ጋር ሲተያይ ምንም ነው። ፔዳሉ የተሰካው ጥርስ ጥርስ ባለው ዘንግ ላይ ነው። የሚያጠብቀውን ቡሎን ታላላለህ፤ ብዙ ጊዜ 10 ቁጥር ቁልፍ ነው። አንዳንዱ ላይ ቡሎኑን ጨርሰህ ማውጣት ይኖርብሃል፣ ምክንያቱም ዘንጉ ላይ በተቀረጸ ቦይ ያልፋል። ፔዳሉን ወደ ውጭ ስበህ ታወጣለህ፣ አንድ ጥርስ ብቻ ከፍ አድርገህ መልሰህ ትሰካለህ። አንድ ጥርስ ትንሽ ይመስላል፤ ጫፉ ላይ ግን ብዙ ነው። ሞተሩ በቀጭን ዘንግ የተያያዘ ፔዳል ካለው ደግሞ በሁለቱ ጫፍ ያሉትን ዳዶዎች አላልተህ ዘንጉን ማሽከርከር ነው። አንደኛው ዳዶ የሚፈታው በተቃራኒ አቅጣጫ ነውና እንቢ ሲልህ በጉልበት አትጋደለው። ፔዳሉ ተጣሞ ከሆነም ሞተሩ ላይ እንዳለ በመዶሻ አትደብድበው፤ ዱላው የሚያርፈው ዘንጉና የካምቢዮው ሽፋን ላይ ነው። አውልቀህ ለበያጅ ስጠው።

ስታስተካክል ከፍ ማድረጉ ብቻ እንዳይታይህ። ለመጨመር ከስር ቦታ ያስፈልግሃል፣ ለመቀነስ ደግሞ ከላይ መርገጥ አለብህ። አብዝተህ ከሰቀልከው ለእያንዳንዱ ቅነሳ ጉልበትህን ታነሣለህ፤ ከጨንቻ ስትወርድ ቀኑን ሙሉ ደረጃ እንደወጣህ ይቆጠራል። መርገጫው ላይ የእግርህን ወገብ አሳርፍ። ተረከዝህ ሳይነሣ ጣትህ ከስር ይግባ፣ ጉልበትህ ሳይነሣ ከላይ ይረፍ። ያን ጊዜ ልክ ነው። እንደ ቦክሰር ያሉት የሥራ ሞተሮች ብዙዎቹ ከኋላም በተረከዝ የሚረገጥ ክንፍ አላቸው። እዚያ ላይ ረጅም ጫማ በሁለቱ ክንፎች መካከል ይጣበቃልና መለኪያው ሌላ ነው።

አንዴ ለአንድ ጫማ ካስተካከልከው በኋላ ነገ በነጠላ ጫማ፣ ከነገ ወዲያ በሸራ ጫማ አትውጣበት። የሲቀላ ልጆች ሙቀቱን እያመካኛችሁ በነጠላ ጫማ ስትነዱ ሳይ ሆዴ ይባባል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ፔዳሉም አንድ ነው፤ አንድ የመንገድ ጫማ ይኑርህ።

የማሰሪያውን ነገር ሳልነግርህ እንዳልረሳ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከመነሣትህ በፊት ተቀምጠህ እሰር፣ ቋጠሮውን ወደ ውጭ ጎን አድርገህ የተረፈውን ክር ጫማው ውስጥ ክተተው። የተንጠለጠለ ክር ፔዳሉ ላይ ወይም መርገጫው ላይ ይጠመጠማል። ስትሄድ አታውቀውም፤ የምታውቀው ቆመህ እግርህን ልታወርድ ስትል ነው። ጫፉ ላይ ደግሞ ከካላማዳሪ ወይም ከወፍራም ቆዳ ቆርጠህ ጫማ ሰፊ ይስፋልህ። ስስ ይሁን፤ ካወፈርከው ያገኘኸውን ቦታ መልሰህ ዘጋኸው።

ሌላው ያየሁብህ ልማድ፣ ማርሽ ከጨመርክ በኋላ እግርህን ፔዳሉ ላይ ጥለህ ትሄዳለህ። ጫማህ ከባድ ነው፣ መንገዱም ይነቀንቀዋል። በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን የሚገፋው ሹካ ያን ክብደት ሁሌ እንደተሸከመ ይበላል። ጨምር፣ ከዚያ እግርህን ወደ መርገጫው መልስ።

ሰው ይህን ችግር ያንተ ብቻ አድርጎ እንዳይነግርህ። ወደ ኦሞ ሲወርዱ እዚህ የሚያድሩትን የውጭ አገር መንገደኞች ቢኤምደብሊው አይተሃል። ሲሊንደሮቹ ግራና ቀኝ እንደ ክርን ወጥተዋል፤ ለቅልጥም የሚተርፈው ቦታ ጠባብ ነው። እነሱም ፔዳል ሲያስተካክሉ፣ መርገጫ ሲያስረዝሙ አይቻለሁ። ድሮማ ማርሽ በእጅ ነበር የሚቀየረው። የእንግሊዙ ቬሎሴት ሰዎች ናቸው በ1920ዎቹ መጨረሻ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ እግር በነካው ቁጥር አንድ ማርሽ ብቻ ቀይሮ ወደ ቦታው የሚመለሰውን ፔዳል ያመጡት። ብዙ የእንግሊዝ ሞተሮች ማርሽ በቀኝ በኩል ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ማርሽ በግራ ይሁን ብላ ደንብ ካወጣች በኋላ በቀኝ የነበሩት ፋብሪካዎች አብዛኞቹ ወደ ግራ ገቡ። የአንተ ግራ ጫማ ብቻውን የተላጠው ማርሹ በግራ ስለሆነ ነው።

ነገ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ና። ሴፍቲውን ከነካልሲው አድርገህ፣ እንደ መንገደኛ ለብሰህ። ቁልፉ እኔ ጋ አለ። ማንጎው ስር አቁመን አንተ ትቀመጥበታለህ፣ እኔ እግርህ ስር ሆኜ እየለካሁ አስተካክላለሁ። ከዚያ ከሲቀላ ሴቻ ዳገቱን ወጥተህ ትወርዳለህ። እግርህን ሳታይ ከአንደኛ እስከ መጨረሻው፣ ከመጨረሻው እስከ አንደኛ። አምስት ጊዜ ካንገራገረ አንድ ጥርስ እንመልሰዋለን፣ ካልሆነም ጫማውን እንቀይራለን። ኮንሶ የትም አትሄድም።

ያለ ችግር ከወጣህ ለመጨረሻው ዙር እኔም ከኋላህ እቀመጣለሁ። ቦይ ውስጥ ከወደቅኩበት ቀን ወዲህ ሞተር ላይ ወጥቼ አላውቅም። ሴቻ ላይ ሁለቱ ሐይቆች ከሚታዩበት ቦታ ሻይ ጠጥተን እንመለሳለን። የኋላው መርገጫ ላስቲክ መኖሩን አይተህ ና።