የእጣቢው ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።



ንጉሥ ዳዊት በጦርነት ሳለ የቤተልሔምን ጉድጓድ ውኃ ተመኘ። ሦስት ኃያላን የጠላትን ሰፈር ሰንጥቀው ቀድተው አመጡለት። እርሱ ግን ነፍሳቸውን አሳልፈው የሰጡበት ነው ብሎ አልጠጣውም፤ ለእግዚአብሔር አፈሰሰው (2ኛ ሳሙ. 23፥15-17)። ያፈሰሰው ንቆት አይደለም፤ የሰው ድካም እንዳለበት አውቆ ነው።

እኛስ? ባለፈው በዓል ከጠበል ጻድቁ በኋላ ዕቃውን ስናጥብ፣ የመጨረሻውን ንጹሕ ማለቅለቂያ ሳይቀር ቦይ ውስጥ ደፋነው። ከቅጥሩ ውጭ እናቶች ጀሪካን ደርድረው የፈረቃ ውኃ ይጠብቁ ነበር። በግቢው የተከልናቸው የጽድ ችግኞችም በጥም ጠውልገው ነበር። ሁለቱንም አይተን አለፍን። ዳዊት ድካሙን አይቶ አፈሰሰ፤ እኛ ግን ድካሙን ሳናይ አፈሰስን።

የአዲስ አበባ ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ተስቦ የሚመጣ ነው። 20 ሊትር የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፤ ቧንቧው ሲደርቅ ያንን በጀርባዋ የምትሸከመው ብዙ ጊዜ እናታችን ወይም እኅታችን ናት። የቆየ የመጸዳጃ ቤት ገንዳ ግን በአንድ ጊዜ 9 ሊትር ያህል ይለቅቃል። ሁለት ጊዜ ሲለቀቅ የእርሷ ሸክም ሊያልቅ ጥቂት ቀረው ማለት ነው! ለዚህ የሚጠጣ ውኃ ለምን ይባክናል?

ስለዚህ አትክልት የታጠበበትን ለችግኝ፣ የልብስ ማለቅለቂያውን ለወለልና ለመጸዳጃ ቤት እናውለው። ጥንቃቄም ያሻል። በረኪና የገባበት ተክል ይጎዳል። የሕፃን ሽንት ጨርቅ የታጠበበት ለአትክልት አይሆንም። እጣቢ ሲያድር ይሸታልና በዕለቱ ይፈጸም። በጥሬው በሚበላ ሰላጣ ላይም አይፍሰስ። ሕፃናት እንዳይጠጡት ባልዲው ይለይ።

ጌታችን አምስት ሺሁን ካጠገበ በኋላ የተረፈው ቁርስራሽ እንዲሰበሰብ አዝዟል (ዮሐ. 6፥12)። እንጀራን ማብዛት የሚችል አምላክ ትርፍራፊን ካልናቀ፣ አንዲት ጠብታ መፍጠር የማንችል እኛ እንዴት እንንቃለን?

ከሚመጣው እሑድ ጀምሮ ሁለት ባልዲ ከማጠቢያው አጠገብ እናኑር። ባዳንነው ንጹሕ ውኃም ጀሪካን ሞልተን፣ ወረፋ መቆም ላቃታቸው አረጋውያን በትከሻችን እናድርስ። ያን ጊዜ የውኃን ዋጋ በቃል ሳይሆን በሸክሙ እናውቀዋለን።

አምላካችን የሚያይ ዓይን፣ የሚራራ ልብ ያድለን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር