ስልኩና አንገት ማስገቢያው

ልጄ፣ ስልክ አትግዛ ልልህ አይደለም። ገንዘብ በቴሌብር ይላካል፣ የሥራ ማስታወቂያ በቴሌግራም ይወጣል፣ አንኮበር ያሉት እናትህም ድምፅህን የሚሰሙት በእሱ ነው። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በሰው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተህ እየኖርክ፣ የብዙ ወር ኪራይ የሚያህል ስልክ በዱቤ መውሰድህ ነው።

መልስህን ከብዙ ወጣት አፍ ሰምቼዋለሁ። «ስልኩን ብተወው ቤት እሠራ ነበር ወይ?» ትለኛለህ። አትሠራም፤ እውነትህን ነው። በእኛ ጊዜ የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር ይገዛል፣ ጎረቤት በደቦ ይወጣል፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ይቦካል፣ ጎጆ ይወጣል። ዛሬ መሬቱ በሊዝ ነው፤ የሲሚንቶና የብረት ዋጋ አይቀመስም። ከተማዋም ሌላ ሆናለች። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ መጣ፤ ቀጥሎ ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ተጠግተውን ኖሩ። ሰው እንዲህ ሲበዛ ቤት በዚያ ልክ አልተሠራም። አዲስ አበባም ቢሆን በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው ዓመታት የቆጠቡ ስንትና ስንት ሰዎች ዕጣ ሲጠብቁ ጎልምሰዋል። ስለዚህ ቤት ያጣኸው በስልክ ምክንያት ነው የሚልህን አትስማው። እንዲህ ማለት በደል ነው።

ነገር ግን ቤቱ ስለራቀ በእጅህ ያለው ብር ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በክልላችን ከተሞች ሰው በቤት ሠሪዎች ማኅበር ተደራጅቶ ቦታ ሲያገኝ አይቻለሁ፤ መጀመሪያ የሚጠየቀው በዝግ ሂሳብ የሚገባ ገንዘብ ነው። ጥሪው ሲመጣ ደግሞ ፋታ አይሰጥም። የማውቀው አንድ የፋብሪካ ጥበቃ አለ። እቁቡ በወጣለት ቁጥር ቆርቆሮ እየገዛ፣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ አልጋው ሥር ያስቀምጥ ነበር። መሬት የለውም፤ ሰው ይስቅበት ነበር። ጓደኞቹ ማኅበር ሲያቋቁሙ ግማሹን ቆርቆሮ ሸጦ መዋጮውን በቀኑ ከፈለ። ከእሱ የተሻለ ደመወዝ የነበራቸው ገንዘብ ሲያፈላልጉ ቀኑ አለፈባቸው።

«ብር ቢቀመጥ ይረክሳል» ማለትህም ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የስልክ ዋጋም አብሮ ነጎደ፤ እዚህ የሚገጣጠመውም ቢሆን ዕቃው የሚመጣው በዶላር ነው። ታዲያ የብርን መርከስ ፈርተህ የሸሸህበት ዕቃ ካርቶኑ በተከፈተ ማግስት ዋጋው የሚወርድ ነው። ስክሪኑ ቢሰበርም ዱቤው ይከፈላል። ይልቅስ አገራችን የበግ አገር ነው። የመንዝ በግ ግልገል ገዝተህ ለአጎትህ ለርቢ ብትሰጥ በዓል ሲደርስ ትሸጣለህ። ቆርቆሮም ብረትም ቢሆን ቆይቶ ዋጋ ያወጣል።

የተራቀቀ ዕቃ ማየት ልብህን ቢያማልለው አልፈርድብህም። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መልዕክተኛ ካፒቴን ሃሪስ አንኮበር ሲመጣ ለሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና ሙዚቃ የሚያሰማ ዕቃ ይዞ ነበር፤ ንጉሡም ለእንዲህ ያለው ነገር ትልቅ ፍቅር ነበራቸው። በረሃብ ዘመን ግን ከጎተራቸው አውጥተው ሕዝቡን ማብላታቸው ይነገርላቸዋል። ጎተራው ሞልቶ ነበርና ዕቃውን መውደዳቸው ማንንም አልጎዳም።

አንተም በመጀመሪያ የሦስት ወር ኪራይህን ለብቻው አስቀምጥ። አከራይህ ድንገት ጨምር ወይ ልቀቅ ቢልህ በውርጭ ዕቃህን ተሸክመህ ደላላ ደጅ አትቆምም፤ ተረጋግተህ ትነጋገራለህ። ከዚያ ለሥራህ የሚበቃህን ስልክ በእጅህ ባለው ገንዘብ ግዛ። ቴክኖም ይሁን ያገለገለ ሳምሰንግ፣ ጥሪና ቴሌብር ከሠራ ይበቃል። የቀረውን እቁብ ግባበት። የጓደኞችህ አይፎን ካሳፈረህ ከእኔ ጋር ተቀመጥና እናውራ፤ እፍረቱ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ።

ሕጉንም እወቅ። በ2016 ዓ.ም. በወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1320 መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። በክልል የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ ቀበሌ ሄደህ ጠይቅ። እስካሁን በቃል ብቻ የገባህ ከሆነ በዚህ ሳምንት ከአከራይህ ጋር ተቀመጥና ጻፉት፤ እማኝ ካስፈለገህ እኔ እመጣለሁ።