የተወደደ ሜዳ

የጋራ የሆነ ነገር ባረጀ ጊዜ ማደስ የሚገባው ማን ነው? ከታደሰስ በኋላ የማን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ለገበሬው የወል ግጦሽም ለከተማው አደባባይም ይነሣል። እኛ ግን ዛሬ የምንመለከተው በአሜሪካ አገር፣ በፊላደልፊያ ከተማ ምዕራባዊ ዳርቻ ስለሚገኘው ኮብስ ክሪክ ስለ ተባለው የጎልፍ ሜዳ ነው። የጎልፍ ዱላ ጨብጠን አናውቅም፤ ነገሩ ግን ይመለከተናል።

ሜዳው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1916 ሲሆን፣ የነደፈው ሂው ዊልሰን ነው። ባለጸጎች የሚጫወቱበትን የሜሪየንን ሜዳ የነደፈም እርሱ ነበር። ኮብስ ክሪክ ግን የከተማው ንብረት እንደ መሆኑ መጠን፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወንድና ሴት ሳይለይ በሩ ለሁሉ ክፍት ነበር። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የአሜሪካ የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅደውን አንቀጽ ከደንቡ የሠረዘው በ1961 ነው። በዚያው ዓመት በታላላቆቹ ውድድሮች ከጥቁሮች መጀመሪያ የተመዘገበው ቻርሊ ሲፎርድ፣ በወጣትነቱ ከደቡብ መጥቶ የተጫወተው በዚሁ ሜዳ ነው።

ሜዳው እየዋለ እያደረ ተጎዳ። በ1950ዎቹ ዓመታት ጦር ሠራዊቱ ለፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ከፊሉን ስለ ወሰደ የጥንቱ አቀማመጥ ተለወጠ። ወንዙም በሞላ ቁጥር ዳርቻውን ይሸረሽር ነበር። በመጨረሻ በ2020 ተዘጋ። ከዚያም አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ከከተማው ተከራይቶ እድሳቱን ያዘ። በ2025 ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበት፣ በታይገር ዉድስ በጎ አድራጎት ድርጅት የሚመራ ማዕከል በዚያው ተከፈተ።

ነገር ግን ለእድሳቱ ሲባል ብዙ ዛፍ ተቈረጠ። ከጥላው ሥር ይመላለሱ የነበሩ ጎረቤቶች አዘኑ፤ ተቃወሙም። ወንዙን ለማከምና የጥንቱን ንድፍ ለመመለስ ነው የሚለው መልስ እውነትነት አለው። ቢሆንም ሐዘናቸውን እንደ አለማወቅ ልንቈጥረው አይገባም፤ ሜዳው የጋራ ነው ካልን፣ የማይጫወተውም ሰው ድርሻ አለውና።

በቋንቋችን አንድ ነገር ተወደደ ስንል ተፈቀረ ማለታችን ነው፤ ዋጋው ናረ ማለታችንም ነው። ያረጀ ነገር ሲታደስ የሚያሰጋው ይህ ሁለተኛው ትርጕም ነው። ስለዚህ አንዳንዶች ቢጎሳቈልም እንዳለ ይቅር ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለድኻ የተበላሸ ነገር ይበቃዋል ማለት ርኅራኄ መስሎ የሚመጣ ንቀት ነው። ሲፎርድም ያማረ ሣር በተዘረጋለት ኖሮ ባልጠላ ነበር።

ማኅበሩ ለከተማው ነዋሪ ክፍያው እንዳይከብድ ቃል ገብቷል። በምረቃ ቀን ማንኛውም ቃል ያምራል። እኛ ማየት የምንፈልገው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንድ ተራ ማክሰኞ ጧት ነው፤ ከሰፈሩ በእግሩ የመጣ ጡረተኛ በመስኮቱ አጎንብሶ ዋጋ ይጠይቃል፤ ከዚያም ቦርሳውን ይከፍታል፣ ወይም መልሶ ከኪሱ ይከታል።